የሶላር ውሃ ማሞቂያን በአየር ትንበያ ማሠራት፦ ለአዲስ አበባና ለደጋ ከተሞች የአሠራር መመሪያ

ጣሪያቸው ላይ ሶላር የውሃ ማሞቂያ ያሰቀሉ ብዙ ቤቶች የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱን (ታንከሩ ውስጥ ገብቶ ውሃውን በመብራት የሚያሞቀውን ብረት) ለቴርሞስታቱ፣ ማለትም በሙቀት መጠን ለሚያበራውና ለሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ለቀው ቀንም ሌሊትም ይተዉታል። ሙቅ ውሃ አይጠፋም። ነገር ግን ሬዚስታንሱ ሌሊቱን ታንከሩን 55 ዲግሪ ካደረሰው፣ ጠዋት የወጣችው ፀሐይ የምታሞቀው ቀዝቃዛ ውሃ አታገኝም። የመብራት ክፍያ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በደረጃ እየከበደ ስለሚሄድ ብክነቱ ወር ሲደርስ ቢሉ ላይ ይታያል። ሌሎች በተቃራኒው ሬዚስታንሱን ከናካቴው አጥፍተው በሐምሌ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባሉ።

ሁለቱም አያስፈልግም። ነገ የሚኖረውን ፀሐይ አስቀድሞ በቁጥር አውቆ የሚጎድለውን ብቻ በመብራት መሙላት ይቻላል። ለዚህ ስልክ፣ ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር ይበቃሉ።

ከዚህ በታች ያሉት ሒሳቦች በሙሉ በአንድ የተለመደ ዕቃ ላይ የተሠሩ ናቸው፦ 200 ሊትር ታንከር፣ 58 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1.8 ሜትር ርዝመት ያላቸው 20 የመስታወት ቱቦዎች፣ 1.5 ኪሎዋት ሬዚስታንስ፣ 5 ሰው ያለበት ቤት። የእርስዎ ዕቃ ከዚህ ከተለየ አካሄዱ ያው ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ይለውጡ።

መጀመሪያ፦ ትንበያው ለየትኛው ውሳኔ ነው?

ይህን ሳይለዩ መጀመር ብዙዎችን ያሳስታል። ቤተሰቡ የሚታጠበው ማታ ብቻ ከሆነ ትንበያ እምብዛም አያስፈልገውም። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ታንከሩን አይቶ ከጎደለ ማብራት ነው፤ ፀሐይዋ ሥራዋን ጨርሳለችና የሚገመት ነገር የለም።

ትንበያው ዋጋ የሚያወጣው በአራት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ዛሬ ማታ የተረፈውን ሙቅ ውሃ ለልብስ ማጠቢያ ማዋል ወይስ ለነገ ማቆየት የሚለውን ለመወሰን። ሁለተኛ፣ ለጠዋት ሻወር ሲባል ሌሊት የሚሞቀው ውሃ ጥቂት ይሁን ወይስ ሙሉ ታንከር የሚለውን ለመወሰን። ሦስተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲኖርና መብራት ሊሄድ ሲችል አስቀድሞ ለማሞቅ። አራተኛ፣ በደጋ ከተሞች ውርጭ ከመምጣቱ በፊት ቧንቧውን ለማዳን። ከአራቱ የመጨረሻው ብቻ ነው ቢዘነጋ ዕቃ የሚያሰብር፤ ሌሎቹ ቢሳሳቱ ጥቂት ብር ወይም አንድ ሻወር ነው የሚያስከፍሉት።

ደረጃ 1፦ የዕቃዎን ቁጥር ያውጡ

የፀሐይ ጨረር በቀን የሚለካው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሚያርፍ ኪሎዋት ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥርት ባለ የበጋ ቀን 6 አካባቢ ይሆናል፤ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ በተደፈነበት የክረምት ቀን ከ3 በታች ይወርዳል። ማወቅ ያለብዎት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ጨረር የእርስዎን ታንከር በስንት ዲግሪ ከፍ እንደሚያደርገው ነው።

ለምሳሌነት የያዝነው ባለ 20 ቱቦ ዕቃ ወደ 2.5 ካሬ ሜትር ቦታ ይሸፍናል፤ ካረፈበት ጨረርም ግማሽ ያህሉን ወደ ውሃው ያስገባል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 860 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ስለሚያሞቅ፣ ሒሳቡ 2.5 ሲባዛ በ0.47 ሲባዛ በ860፣ ሲካፈል ለ200 ነው፤ ውጤቱ 5 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ስለዚህ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ቀን ታንከሩን በ30 ዲግሪ፣ 3 ያለው ቀን በ15 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል ማለት ነው።

ይህ የወረቀት ቁጥር ነው። አቧራ የለበሰ ቱቦ፣ የዛፍ ጥላ፣ የጎረቤት ፎቅና ያረጀ የታንከር ሽፋን ሁሉም ይቀንሱታል። የራስዎን እንዲህ ይለኩ፦

የሬዚስታንሱን ብሬከር ያጥፉ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የታንከሩን ሙቀት ይመዝግቡ። ቀኑን ሙሉ ሙቅ ውሃ አይክፈቱ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እንደገና ይመዝግቡ። ልዩነቱን ለዚያ ቀን ጨረር ያካፍሉ። ጠዋት 24፣ ማታ 47 ከሆነና የቀኑ ጨረር 4.8 ከነበረ፣ 23 ሲካፈል ለ4.8 ወደ 4.8 ዲግሪ ይሆናል። ይህን ቢያንስ በሁለት ፀሐያማ፣ በሁለት ከፊል ደመናማና በሁለት ድፍን ቀኖች ይድገሙትና አማካዩን ይያዙ። ቀኖቹ ተከታታይ መሆን የለባቸውም፤ ቤቱ ባዶ የሆነበት ቀን ይመቻል።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የመጀመሪያው፣ የቀኑን ጨረር የሚወስዱት ወደፊት ትንበያ ከሚያዩበት ከዚያው ምንጭ ይሁን። ምንጩ አዘውትሮ አብዝቶ ወይም አሳንሶ የሚናገር ቢሆን እንኳ ስህተቱ ቁጥርዎ ውስጥ ስለሚገባ ይጣጣማል። ጠዋት ከአንድ ቦታ፣ ማታ ከሌላ ቦታ ከወሰዱ ግን ምንም አይገናኝም። ሁለተኛው የሴንሰሩ ቦታ ነው። ሙቅ ውሃ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከታንከሩ አናት አጠገብ ያለ ሴንሰር 60 ሲያሳይ ከታች 35 ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩ መሐል ላይ ካልሆነ፣ ንባቡን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓትና ውሃ ሳይከፈት ይውሰዱ፤ ቢያንስ ስህተቱ አንድ ዓይነት ይሆናል።

ለክረምትና ለበጋ የተለያየ ቁጥር መያዝም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ደግሞ ደመና አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ የምትቆመው በሰሜን በኩል ነው። ከፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣው ብረት ፍሬም ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሩቅ ሰሜን አገሮች የታሰበ ስለሆነ በጣም ያዘነብላል። ወደ ደቡብ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ዕቃ በሰኔ እኩለ ቀን ከቀጥታ ጨረሩ ግማሽ ያህሉን ብቻ ይቀበላል። በታኅሣሥ ሙሉውን ማለት ይቻላል። ገና ያልተተከለ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ እንዲያዘነብል ባለሙያውን ይጠይቁ። በክረምት ጠዋቱ ከከሰዓቱ ስለሚሻል ትንሽ ወደ ምሥራቅ ቢዞርም አይከፋም።

ደረጃ 2፦ ከትንበያው ትክክለኛውን ቁጥር ይውሰዱ

ስልክ ላይ የምትታየውን የዝናብ ጠብታ ሥዕል ይርሷት። ሥዕሏ የምትነግርዎ በቀኑ ውስጥ ዝናብ ይኖራል ብላ ነው፤ ፀሐይ የለም አላለችም። በአዲስ አበባ ክረምት ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ፀሐይ ወጥቶ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቢወርድም ማሞቂያው ድርሻውን ወስዷል። በተቃራኒው፣ ጠብታ የሌለበት «ደመናማ» የተባለ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የተዘረጋ ዝቅተኛ ደመና ኖሮት 2 ኪሎዋት ሰዓት ላይሞላ ይችላል። በሥዕሏ ብቻ የሚመራ ሰው በክረምት አብዛኛውን ቀን ያለ ምክንያት ያበራል።

መፈለግ ያለብዎት የፀሐይ ጨረር ትንበያ ነው። ኦፕን ሜቴዎ የተባለው ነፃ አገልግሎት የከተማዎን ቦታ ሲያስገቡለት የየሰዓቱንና የቀኑን ድምር ጨረር ይሰጣል፤ ያለፉትን ቀኖችም ያሳያል። የቀኑ ድምር የሚመጣው በሜጋጁል ስለሆነ ለ3.6 ያካፍሉት። 18 ሜጋጁል ማለት 5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የየሰዓቱ የሚመጣው በዋት ስለሆነ ለ1000 ያካፍሉ፤ 650 ዋት ያለው አንድ ሰዓት 0.65 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።

ጨረር የማያሳይ መተግበሪያ ብቻ ካለዎት የደመናውን ሽፋን በከፍታ ለይተው ይመልከቱ። ዊንዲ የተባለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ደመናን ለየብቻ ያሳያል። ስስ የሆነ ከፍተኛ ደመና ሰማዩን መቶ በመቶ ቢሸፍንም አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ዝቅተኛው ነው ፀሐይን የሚበላው። ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ዝቅተኛው ደመና ከ70 በመቶ በላይ ከሆነ የጠራ ቀኑን ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይጠብቁ። ከቀኑ ጨረር ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆነው በእነዚህ 6 ሰዓቶች ውስጥ ስለሚወርድ ሌላውን ሰዓት መመርመር ብዙም አይጠቅምም።

ሰዓቱን ሲያነቡ ይጠንቀቁ፤ እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። መተግበሪያው የምሥራቅ አፍሪካን ሰዓት ካሳየ 6 ይቀንሱ፦ 09፡00 ያለው ለእኛ ከረፋዱ 3 ሰዓት ነው፣ 15፡00 ያለው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ቅንብሩ በግሪንዊች ሰዓት ላይ ከቀረ ግን 3 ብቻ ነው የሚቀነሰው፦ 06፡00 ያለው የእኛ 3 ሰዓት ነው። ይህን ሳያዩ ቀርተው የከሰዓቱን ዝናብ ወደ ጠዋት የሚያመጡ አሉ።

የቦታውን ከፍታም ይዩ። የትንበያ ሞዴሎች (የአየር ሁኔታን የሚያሰሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች) አገሩን በብዙ ኪሎ ሜትር ስፋት ባላቸው አራት ማዕዘኖች ከፍለው ነው የሚያሰሉት፤ እንጦጦና አቃቂ በአንድ ወይም በተቀራራቢ ሳጥን ውስጥ ሊወድቁ ይችላሉ። አገልግሎቱ የሚጠቀምበትን ከፍታ ካሳየና ከእርስዎ ሠፈር በ300 ሜትር ከተለየ፣ የሙቀት ትንበያውን በ2 ዲግሪ ያርሙ። ለውርጭ ሌሊት ይህ 2 ዲግሪ ትልቅ ነገር ነው።

ለዛሬና ለነገ ያለው ትንበያ ይታመናል። ከ3ኛው ቀን በኋላ አዝማሚያውን እንጂ ቁጥሩን አይያዙ። የአውሮፓውና የአሜሪካው ሞዴል በነገ ላይ ከተስማሙ በቁጥሩ ይሥሩ። አንዱ 5፣ ሌላው 2.5 ካለ ሰማዩ ራሱ ገና አልወሰነም ማለት ነው፤ ለዚህ ጊዜ የሚሆን ዘዴ ደረጃ 3 ላይ አለ።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዕለት፣ የ10 ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ ያወጣል። ለዕለቱ ማሞቂያ ሒሳብ ጨረር በቁጥር ስለሚያስፈልግ ከላይ ያሉት ይቀላሉ። የ10 ቀኑ መግለጫ ግን ደመና የሚበዛበትን ሳምንት ለማወቅና በበጋ የውርጭ ማስጠንቀቂያ ለመስማት የተሻለ ነው፤ ደጋውን የሚያውቁ ሰዎች የጻፉት ስለሆነ።

ደረጃ 3፦ የዕለቱ ሒሳብ

መጀመሪያ ማታ የሚፈለገውን ሙቀት ይወስኑ። አንድ ሰው በ40 ዲግሪ 40 ሊትር ቢታጠብ፣ የቧንቧው ውሃ 18 ዲግሪ ከሆነ፣ ከ55 ዲግሪ ታንከር 24 ሊትር ይወስዳል። ታንከሩ 45 ከሆነ ግን 33 ሊትር። ከ200 ሊትሩ ደግሞ ሁሉም አይገኝም፤ ሙቁ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች እየገባ ስለሚቀላቀል 140 ያህሉን ብቻ ይቁጠሩ። ለ5 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 28 ሊትር ይደርሳል፤ ለዚህ የሚበቃው ሙቀት 50 ዲግሪ ነው። የእኛ ግብ እንግዲህ 50።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሙቀቱን ያዩና የቀኑን ጨረር በቁጥርዎ አባዝተው ይደምሩ። ታንከሩ 28 ከሆነና ትንበያው 4.2 ካለ፣ 4.2 ሲባዛ በ5 ሲሆን 21፤ ማታ 49 ይደርሳል። አንድ ዲግሪ ለጎደለ ሬዚስታንስ አይነካም። ትንበያው 2.5 ካለ ግን ማታ 40.5 ነው የሚሆነው፤ 9.5 ዲግሪ ይጎድላል። 9.5 ሲባዛ በ200፣ ሲካፈል ለ860 ሲሆን 2.2 ኪሎዋት ሰዓት። ባለ 1.5 ኪሎዋቱ ሬዚስታንስ ይህን በ1 ሰዓት ተኩል ይሞላል። በአጭሩ ይህ ሬዚስታንስ ይህን ታንከር በሰዓት 6.5 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል ብለው ግድግዳ ላይ ይጻፉ፤ ባለ 2 ኪሎዋት ከሆነ 8.6።

አሁን ቁም ነገሩ፦ ጎደሎውን ጠዋት ቢያውቁትም ጠዋት አያብሩ። ከቀኑ 10 ሰዓት ይጠብቁ። ጠዋት ያሞቁት ውሃ ፀሐይዋ የምትሠራበትን ቦታ ይይዛል፤ ትንበያው ተሳስቶ ፀሐይ ከወጣም ብሩ ባክኗል። 10 ሰዓት ላይ ሙቀቱን እንደገና ያዩና የጎደለውን ብቻ ያብሩ። መብራት የሚጨናነቀውና ቮልቴጅ የሚወርደው ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ ከዚያ በፊት መጨረሱ ይሻላል። በወረደ ቮልቴጅ ያው ሬዚስታንስ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል።

ሁለቱ ሞዴሎች ካልተስማሙ ለቀኑ ውሳኔ ብዙ ፀሐይ ያለውን ይመኑ፤ 10 ሰዓት ላይ ማረም ይቻላልና። ማታ ላይ ለነገ ሲያቅዱ ግን አነስተኛውን ይያዙ።

እስከ 10 ሰዓት የማይጠበቅበት አንድ ሁኔታ አለ። ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ነጎድጓድ ከተተነበየና ሠፈርዎ በዝናብ ጊዜ መብራት የሚሄድበት ከሆነ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ሒሳቡን በቀሪው ሰዓት ይሥሩት። ታንከሩ 36 ነው እንበል። ከ5 እስከ 11 ሰዓት ያለው የየሰዓቱ ጨረር ሲደመር 1.8 ይመጣል፤ 9 ዲግሪ ይጨምራል፤ ማታ 45። ለ5ቱ ዲግሪ 45 ደቂቃ ያህል ስለሚያስፈልግ 6 ሰዓት ላይ አብርተው ይጨርሱ። ዊንዲ ላይ የሚታየውን የሜቴዎሳት ሳተላይት ምስል በዚህ ሰዓት ማየትም ይረዳል፤ ደመናው እያበጠ ከየት እየመጣ እንደሆነ ይታያል። ነጎድጓዱ ሲደርስ ብሬከሩን ያጥፉ።

ማታ ከሻወር በኋላ የመጨረሻው ውሳኔ ይቀራል፦ የጠዋቱ። ነገ ከ5 በላይ ከሆነና ጠዋት የሚታጠበው አንድ ሁለት ሰው ከሆነ፣ ሬዚስታንሱን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ለ1 ሰዓት ብቻ ያብሩ። አብዛኛው ሬዚስታንስ ከራሱ በላይ ያለውን ውሃ ስለሚያሞቅ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ የታችኛው ውሃ ለፀሐይዋ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። ነገ ከ3 በታች ከሆነ ግን ዛሬ ማታ የተረፈውን አያባክኑ። ሌሊት የሚጠፋው ሙቀት 50 ሚሊ ሜትር ፎም ባለው ጤነኛ ታንከር ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ከዚህ በላይ ከጠፋ ፎሙ ውሃ ጠጥቷል ወይም ሙቁ ውሃ በቧንቧው ወደ ኋላ እየዞረ ነው፤ ያኔ ትንበያ ማየት ከንቱ ነው፣ መጀመሪያ ዕቃውን ያስጠግኑ።

ደረጃ 4፦ ሳምንቱን ያቅዱ

እሑድ ማታ የ7 ቀኑን ጨረር በደብተር ይጻፉ። ልብስ፣ ብርድ ልብስና የእንግዳ አልጋ ልብስ በሙቅ ውሃ የሚታጠበው ከፍተኛ ጨረር ባለው ቀን ማግስት ሳይሆን በዚያው ቀን ከሰዓት ይሁን፤ ያኔ ታንከሩ ይሞላል፣ ልብሱም ይደርቃል።

በሳምንት አንዴ ታንከሩን 60 ዲግሪ አድርሶ ለ1 ሰዓት ማቆየት ያስፈልጋል። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ በሚንከባለል ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የተባለ የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ይራባል፤ በክረምት ለብ ብሎ የሚሰነብት ታንከር ለዚህ ይመቻል። ለዚህ የሳምንቱን ፀሐያማ ቀን ይምረጡ። ፀሐይዋ 55 ካደረሰችው ለቀሪው 5 ዲግሪ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል፤ በደመናማ ቀን ከ40 ተነሥተው ቢያደርጉት 4.7 ይፈጃል። በዚያ ማታ ልጆች ቧንቧውን ብቻቸውን አይክፈቱ፤ 60 ዲግሪ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ይልጣል።

በጋ ላይ ቤቱን ዘግተው ለሳምንት የሚሄዱ ከሆነና ትንበያው በሙሉ ፀሐይ ከሆነ ከቱቦዎቹ ግማሹን በወፍራም ሸራ ይሸፍኑ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ወይም 93 ዲግሪ ነው። የማይነካ ታንከር በተከታታይ ጠራራ ቀኖች እዚያ ይደርሳል፤ በመተንፈሻው ተንኖ ውሃው ሲጎድልም ቱቦው ባዶውን ይግላል።

የውርጭ ሌሊት፦ ደብረ ብርሃን፣ ጎባና ሌሎች ደጋዎች

ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ደረቅ ሌሊት፣ ጠፍጣፋ መስታወት ያለው ማሞቂያ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ትንበያው 0 እስኪል አይጠበቅም። ዝቅተኛው ሙቀት 4 ወይም ከዚያ በታች፣ ደመናው ከ20 በመቶ በታች፣ ነፋሱም የተኛ ከሆነ እንደ ውርጭ ይቁጠሩት። ደመና ካለ ያው 4 ዲግሪ አያሰጋም።

ውሃው በቀጥታ በመዳብ ቧንቧዎቹ ውስጥ የሚዞርበት ጠፍጣፋ ማሞቂያ ከሆነ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ወደ ማሞቂያው የሚገባውንና የሚመለሰውን ቫልቭ ይዝጉ፣ የታችኛውን ቡሽ ፈትተው ያፍስሱ፣ የላይኛውን የአየር መተንፈሻ ይክፈቱ። መተንፈሻው ካልተከፈተ ውሃው ሙሉ በሙሉ አይወርድም፤ የቀረችው ጥቂት ውሃ ቀዝቅዛ ስትሰፋ መዳቡን ትሰነጥቃለች። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ፣ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ መልሰው ይሙሉ።

በየዓመቱ ውርጭ በሚያጠቃው ቦታ ይህን ሌሊት በሌሊት ከመሥራት በተዘዋዋሪ የሚሠራ ዕቃ (በማሞቂያው ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ ከቤቱ ውሃ ጋር የማይቀላቀልበት) ከ30 በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮል ከተባለ መቀዝቀዝን ከሚከላከል ፈሳሽ ጋር ማስገባት ይሻላል። ለመኪና ራዲያተር የሚሸጠው ኢቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ለቤት ውሃ በጭራሽ አይጠቀሙበት። የመስታወት ቱቦ ያለው ዕቃ ራሱ በቀላሉ አይቀዘቅዝም፤ የሚሰነጠቀው ጣሪያ ላይ ራቁቱን የተዘረጋው ቀጭን መጋቢ ቧንቧ ስለሆነ በፎም ይሸፍኑት። ሽፋኑ ፀሐይ ሲመታው ስለሚፈረፈር ከላይ አልሙኒየም ቴፕ ይጠቅልሉበት።

ውሃ በፈረቃ ሲመጣ

ሮቶው ባዶ ሆኖ ታንከሩ ከጎደለና ጠራራ ፀሐይ ላይ ውሃ ከመጣ፣ ባዶውን የጋለ ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ነገ ፀሐይ ነው ከተባለና ውሃው እኩለ ቀን የሚመጣበት ፈረቃ ከሆነ፣ ማታውኑ ወደ ሶላር የሚሄደውን መጋቢ ቫልቭ ይዝጉና ከነገ ወዲያ ማለዳ ላይ ይክፈቱ። ሬዚስታንሱም ውሃ ሳይሸፍነው አንድ ደቂቃ ቢበራ ይቃጠላል፤ መጋቢው በተዘጋበት ጊዜ ሁሉ ብሬከሩ ይጥፋ።

በራሱ እንዲሠራ ማድረግ

ለአንድ ቤት ይህ ሁሉ በቀን 3 ደቂቃ የሚወስድ የእጅ ሥራ ነው፤ አውቶማቲክ ማድረጉ የግድ አይደለም። 500 ወይም 1000 ሊትር ላለው የእንግዳ ማረፊያ ግን ያዋጣል። በኢንተርኔት የሚታዘዝ ማብሪያ ጨረሩን አንብቦ ሒሳቡን ሠርቶ በ10 ሰዓት ሊያበራ ይችላል።

ሬዚስታንሱን ግን በቀጥታ በትንሿ ስማርት ሶኬት አያሂዱ። 2 ኪሎዋት በ220 ቮልት ከ9 አምፔር በላይ ይስባል፤ 10 አምፔር የተጻፈበት ሶኬት ለሰዓታት ሲሠራ ሊቀልጥ ይችላል። ሶኬቷ ኮንታክተር (ከፍተኛ አምፔር የሚችል፣ በመብራት የሚታዘዝ ማብሪያ) ታዝዝ፣ ኮንታክተሩ ሬዚስታንሱን ያብራ። ለ2 ኪሎዋት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ 16 አምፔር ብሬከርና 30 ሚሊ አምፔር የመሬት ፍሳሽ መከላከያ ያስፈልጋል፤ የመሬት ሽቦው ከታንከሩ አካል ጋር መገናኘቱን ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በመለኪያ ያረጋግጥ።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆንም አስቀድመው ይወስኑ። ትንበያው ካልደረሰ ከ10 እስከ 12 ሰዓት በቴርሞስታት እንዲያበራ ተራ የሰዓት ታይመር በጎን ያስገቡ፣ ቴርሞስታቱንም 50 ላይ ያድርጉት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰዓቱን የሚረሳ ታይመር ስላለ ባትሪ ያለውን ይግዙ፤ ባትሪ የሌለው ከሁለት መቋረጥ በኋላ እኩለ ሌሊት ላይ ሲያበራ ይገኛል።